ከካርቲየ 3 እስከ አራት ኪሎ፦ ለዶክትሬት ትምህርት የሚከፍለው ማን ነው?

በጂቡቲ ከተማ መሐል፣ ቀድሞ የምኒልክ አደባባይ ይባል የነበረውና ዛሬ በአገሪቱ የነጻነት ቀን፣ በጁን 27 ቀን 1977፣ የሚጠራው አደባባይ ይገኛል። ከእርሱ በስተደቡብ በቁጥር የሚታወቁት አሮጌዎቹ የከተማዋ ሰፈሮች ይዘልቃሉ። ካርቲየ 3 ከእነዚህ አንዱ ነው። ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛና ፈረንሳይኛ በሚነገርባቸው በእነዚህ መንደሮች አማርኛም እንግዳ አይደለም።

የከተማዋ ኑሮ ከድንበሩ ማዶ ጋር የተሳሰረ ነው። ጂቡቲ ከ2011 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ኃይል ከኢትዮጵያ ትገዛለች (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ከተቆፈሩ ጉድጓዶች የሚወጣ የመጠጥ ውሃም ድንበር አቋርጦ በቧንቧ ይገባል። ጫቱ በየቀኑ ከሐረርጌ ይደርሳል። በአንጻሩ ደግሞ ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ እጅግ የሚበዛው የሚያልፈው በጂቡቲ ወደቦች ነው።

በካርቲየ 3 ያደገ አንድ ወጣት ማስተርሱን ጨርሶ ከእነዚህ ጉዳዮች አንዱን በዶክትሬት ደረጃ ማጥናት ይፈልጋል እንበል። የከርሰ ምድር ውሃው ጨዋማነት ለምን እንደሚጨምር፣ ወይም ኮንቴይነር በወደቡ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆምና ለምን፣ ሊመረምር ይችላል። ጥያቄው የአካባቢው ነው፤ መልሱም የሚጠቅመው ለአካባቢው ነው። ለጥናቱ የሚሆነው ገንዘብ ግን በአብዛኛው ከፓሪስ፣ ከቦን፣ ከብራስልስ፣ ከቤጂንግ ወይም ከአንካራ የሚጠበቅ ነው። በአራት ኪሎ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዞ የተቀመጠው የዕድሜ እኩያውም ደጅ የሚጠናው በእነዚያው ከተሞች ነው። ሁለቱ ወጣቶች በአንድ መስመር ጫፍና ጫፍ ቢኖሩም በትምህርት መንገዳቸው ላይ የሚገናኙበት አጋጣሚ ጥቂት ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ይህ የውጭ ገንዘብ እየሳሳ ይገኛል። አፍሪካውያን ተማሪዎች በውጭ አገር ለሚያደርጉት የዶክትሬት ትምህርት የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ ከፋዩ በምላሹ ምን እንደሚወስንና ገንዘቡ ሲጎድል ምን እንደሚሆን መጠየቅ አስፈላጊ የሆነውም ለዚህ ነው።

በባቡር የተጀመረ ጉዞ

ለትምህርት ወደ ውጭ መሄድ በዚህ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። ከጂቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ግንባታ በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋን ከነካ በኋላ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በ1920ዎቹ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ዘመን ወደ ግብጽ፣ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ሌሎች አገሮች ለተላኩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ጂቡቲ የባሕር በር ነበረች። ያን ጊዜ ከፋዩ ቤተ መንግሥቱ ነበር፤ ተማሪው ሲመለስ የሚጠብቀው የመንግሥት ሥራም አስቀድሞ የታወቀ ነበር።

ከጣልያን ወረራ በኋላ ሁኔታው ቀስ በቀስ ተለወጠ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ተቋቋመ፤ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የተጀመረው ግን በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ የዶክትሬት መርሐ ግብሮች የተከፈቱት ደግሞ ከዚያም ዘግይተው ነው። በመካከሉ በነበሩት አስርት ዓመታት የኢትዮጵያ ምሁራን በብዛት የተማሩት በአሜሪካ፣ በብሪታኒያ፣ በምዕራብ አውሮፓ፣ ከ1974ቱ አብዮት በኋላም በሶቪየት ኅብረት፣ በምሥራቅ ጀርመንና በሌሎች የሶሻሊስት አገሮች ነበር። የፖለቲካ ወዳጅነቱ ሲለዋወጥ የነጻ ትምህርት ዕድሉም አቅጣጫ አብሮ ይለወጥ ነበር።

ጂቡቲ ነጻነቷን ስታገኝ ዩኒቨርሲቲ አልነበራትም። ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቀ ወጣት ለመጀመሪያ ዲግሪም ቢሆን አገር ጥሎ መሄድ ነበረበት። በ1965 በጂቡቲ ከተማ የተወለዱት ደራሲ አብዱራህማን ዋበሪ በ1985 ለትምህርት ወደ ፈረንሳይ ካን ከተማ የሄዱት በዚህ ምክንያት ነው። ኋላም በፈረንሳይና በአሜሪካ መምህርና ጸሐፊ ሆነው ኖሩ። በጂቡቲ ራሱን የቻለ የከፍተኛ ትምህርት ማዕከል የተከፈተው በ2000 ሲሆን፣ የጂቡቲ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ2006 ነው። በመሆኑም ዛሬ የመጀመሪያ ዲግሪን እዚያው ጂቡቲ መማር የሚቻል ሲሆን፣ ሦስተኛ ዲግሪ ግን አሁንም በአብዛኛው ከአውሮፕላን ትኬት ጋር የተያያዘ ነው።

ገንዘቡ በምን መልክ ይመጣል?

“ስኮላርሺፕ” የሚለው አንድ ቃል በአሠራር በጣም የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል።

የመጀመሪያው ዓይነት ተማሪውን እንደ ሠራተኛ የሚቀጥር ነው። በፈረንሳይ የዶክትሬት ውል የሚፈርም ተማሪ ደመወዝተኛ ነው፤ ዝቅተኛው ደመወዝ በ2025 ከግብርና ከሌሎች ተቀናሾች በፊት በወር 2,200 ዩሮ ነበር። ፈረንሳይ በ2019 ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች የምዝገባ ክፍያውን ለመጀመሪያ ዲግሪ ወደ 2,770፣ ለማስተርስ ወደ 3,770 ዩሮ ከፍ ስታደርግ የዶክትሬት ተማሪዎችን ከጭማሪው ነጻ አድርጋለች። ለጂቡቲ ተማሪ ይህ መልካም ዜና ይመስላል። ነገር ግን ዶክትሬት ለመጀመር ማስተርስ ያስፈልጋል፤ ጭማሪው የወደቀውም ከዶክትሬቱ በታች ባለው ደረጃ ላይ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክዎዶቭስካ ኩሪ መርሐ ግብር ሥር የሚሰጡት የዶክትሬት ቦታዎችም የሥራ ውል ናቸው፤ ለማንኛውም አገር ዜጋ ክፍት ናቸው፤ ውድድራቸው ግን ዓለም አቀፍ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት መንግሥታት በዲፕሎማሲ ግንኙነታቸው በኩል የሚሰጡት ነው። ቻይና በ2018 በቤጂንግ በተካሄደው የቻይና አፍሪካ የትብብር ጉባኤ ለአፍሪካ 50 ሺህ የመንግሥት የነጻ ትምህርት ዕድሎችን ለመስጠት ቃል ገብታ ነበር። በዚያው ዓመት በቻይና ይማሩ የነበሩ አፍሪካውያን ቁጥር ከ81 ሺህ በላይ እንደነበር የአገሪቱ ትምህርት ሚኒስቴር አስታውቋል፤ ከእነዚህ ግን በርካታዎቹ ከፍለው የሚማሩ ወይም በዝቅተኛ ደረጃ ያሉ ነበሩ። ቱርክ በ2012 የጀመረችው የነጻ ትምህርት መርሐ ግብርም የቋንቋ ትምህርት ዓመትን ጨምሮ ወጪውን ስለሚሸፍን በአፍሪካ ቀንድ ወጣቶች ዘንድ ተፈላጊ ነው።

ሦስተኛው በተለምዶ “ሳንድዊች” የሚባለው ነው። ተማሪው የሚመዘገበው በአገሩ ዩኒቨርሲቲ ወይም በሁለቱም ዘንድ ሆኖ፣ የጥናቱን መረጃ በአገሩ ይሰበስባል፤ ለተወሰኑ ወራት ደግሞ ወደ ውጭ ሄዶ በቤተ ሙከራ ይሠራል፣ አማካሪውን ያገኛል፣ ጽሑፉን ያዘጋጃል። ስዊድን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ የቤልጅየም ፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ከመቀሌና ከጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ለዓመታት የሠሩት በዚህ ዓይነት ትብብር ነው። የዚህ መንገድ ጥቅም ተማሪው ከሥራውና ከቤተሰቡ ሙሉ በሙሉ ሳይነቀል መማሩ ነው። ዩኒቨርሲቲውም መምህሩን ለአራትና ለአምስት ዓመት አያጣም።

ከማመልከቻው በፊት ያለው ወጪ

በነጻ ትምህርት ማስታወቂያዎች ላይ ወርኃዊው አበልና የአውሮፕላን ትኬቱ ጎልተው ይጻፋሉ። የማይጻፈው ወጪ የሚጀምረው ግን ማመልከቻው ከመላኩ በፊት ነው፦ የቋንቋ ፈተና፣ የማስረጃ ትርጉምና ማረጋገጫ፣ የማመልከቻ ክፍያ፣ የቪዛ ክፍያ። ሁሉም በውጭ ምንዛሬ የሚታሰቡ ናቸው።

በዚህ ረገድ የካርቲየ 3ና የአራት ኪሎ ወጣቶች ዕጣ ይለያያል። የጂቡቲ ፍራንክ ከ1949 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በቋሚ ተመን የታሰረ ሲሆን፣ ከ1973 ወዲህ አንድ ዶላር 177.7 ፍራንክ ገደማ እንደሆነ ቆይቷል። የጂቡቲ ወጣት በዚህ ዓመት ያጠራቀመው ገንዘብ በሚቀጥለው ዓመትም ያንኑ ያህል ዶላር ይገዛለታል። የኢትዮጵያ ብር ግን ጁላይ 29 ቀን 2024 የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ በዓመቱ ደግሞ ከ130 ብር በላይ ነበር። 100 ዶላር የሚጠይቅ ማመልከቻ ከ6 ሺህ ብር በታች ከነበረበት ከ13 ሺህ ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። የመምህራን ደመወዝ በዚያ ፍጥነት አላደገም።

የተሟላ ስኮላርሺፕ ሳይኖራቸው አማካሪ ፕሮፌሰር ብቻ አግኝተው ለሚሄዱት ግንቡ ከዚህም ከፍ ይላል። ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ የተማሪ ቪዛ ጠያቂዎች ለአንድ ዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ በዝግ የባንክ ሒሳብ እንዲያስቀምጡ ትጠይቃለች። ይህ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ብር በላይ ነው።

የዕድሜና የጊዜ ገደብም አለ። የቱርክ መርሐ ግብር ለዶክትሬት አመልካቾች የዕድሜ ጣሪያውን ከ35 ዓመት በታች፣ የቻይና መንግሥት ደግሞ ከ40 ዓመት በታች አድርገውታል። የጀርመን የልውውጥ አገልግሎት፣ ዳድ፣ በአፍሪካ ውስጥ ለሚማሩ በሚሰጠው ድጋፍ የመጨረሻው ዲግሪ ከተገኘ ከስድስት ዓመት በላይ እንዳያልፍ ይጠይቃል። እነዚህ ደንቦች ለሁሉም እኩል የተጻፉ ቢሆኑም በሁሉም ላይ እኩል አይወድቁም። ታናናሾቹን ለማስተማር ለዓመታት ደመወዙን ለቤተሰቡ ያዋለ ወጣት ተራው ሲደርሰው ጊዜው አልፎበታል። ለሴት መምህራን ደግሞ ገደቡ የሚገጣጠመው ከወሊድና ሕፃናትን ከማሳደግ ዓመታት ጋር ነው።

የዜግነት ጥያቄም ሌላው እንቅፋት ነው። በጂቡቲ ተወልዶ ያደገ፣ ወላጆቹ ግን ኢትዮጵያውያን የሆኑ ወጣትን ማሰብ ይበቃል። የመንግሥታት የነጻ ትምህርት ኮታዎች በአብዛኛው የሚከፋፈሉት በዜግነት ነው። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ የዶክትሬት ዕድሎች ባመዛኙ የሚሰጡት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተቀጥረው ለሚያስተምሩ ነው። በሁለቱ አገሮች መካከል ያደገ ሰው፣ ሁለቱንም የሚያውቅ ቢሆንም፣ በሁለቱም ዝርዝር ላይ ሳይገኝ ሊቀር ይችላል።

እየጠበበ የመጣው በር

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮች በ2015 የዘላቂ ልማት ግቦችን ሲያጸድቁ፣ ለታዳጊ አገሮች፣ በተለይም ለአፍሪካ፣ የሚሰጡ የነጻ ትምህርት ዕድሎች እስከ 2020 ድረስ በከፍተኛ መጠን እንዲጨምሩ ተስማምተው ነበር። ቀነ ገደቡ ካለፈ ወዲህ የታየው አዝማሚያ ግን ሌላ ነው።

ስዊድን በ2023 የምርምር ምክር ቤቷ ለልማት ምርምር ያወጣው የነበረው አዲስ የድጋፍ ጥሪ እንዲቋረጥ አድርጋለች። ብሪታኒያ በፌብሩዋሪ 2025 የውጭ እርዳታ በጀቷን በ2027 ወደ አገራዊ ገቢዋ 0.3 በመቶ ዝቅ እንደምታደርግ አስታውቃለች። በአሜሪካ የዓለም አቀፍ ልማት ድርጅቱ ዩኤስኤአይዲ በጁላይ 2025 ሥራውን ሲያቆም፣ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር የነበሩት የምርምር ትብብሮችም አብረው ተናግተዋል። በዚያው ዓመት ሜይ መጨረሻ የአሜሪካ ኤምባሲዎች ለሳምንታት አዲስ የተማሪ ቪዛ ቀጠሮ መስጠት አቁመው ነበር። በጁን በወጣው የጉዞ እገዳም የሶማሊያ፣ የኤርትራና የሱዳን ዜጎች ተካተዋል። ኢትዮጵያውያን ከእገዳው ውጭ ቢሆኑም፣ ከጁላይ ወዲህ ስደተኛ ላልሆኑ ተጓዦች የሚሰጠው አብዛኛው ቪዛ ለሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ እንዲሆን ተወስኗል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለዶክትሬት ተማሪ ልዩ ትርጉም አለው። የመስክ ጥናቱን በአፋር ወይም በጎንደር የሚያካሂድ ተማሪ በትምህርቱ መካከል ወደ አገሩ መመላለስ ያስፈልገዋል። ቪዛው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ሲሆን እያንዳንዱ የመስክ ጉዞ አዲስ ማመልከቻ፣ አዲስ ቃለ መጠይቅና አዲስ ሥጋት ይሆናል። እንዲህ ያለ ተማሪ ወደ አገሩ መመለስ የማያስፈልገውን የጥናት ርዕስ ቢመርጥ የሚያስደንቅ አይሆንም።

በገንዘቡ መቋረጥ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ገና ያልጀመረው ብቻ አይደለም። ዶክትሬት የአራትና የአምስት ዓመት ሥራ ነው፤ በሁለተኛው ዓመት የሚቆም ድጋፍ ያለ ዲግሪ የተመለሰ ሰውና ያልተጠናቀቀ መረጃ ትቶ ያልፋል።

ርዕሱን የሚመርጠው ማን ነው?

“በሰው ወርቅ አይደምቁ” የሚለው የአበው ብሂል እዚህ ላይ ቦታ አለው። ገንዘብ የሚሰጥ ወገን፣ ክፉ ሐሳብ ባይኖረውም እንኳ፣ ምን እንደሚጠና የመወሰን ድርሻ ይኖረዋል። የዶክትሬት ቦታ የሚከፈተው በአውሮፓ ወይም በእስያ ባለ ፕሮፌሰር ፕሮጀክት ሥር ከሆነ፣ ተማሪው የሚቀጠረው ቀድሞ የተጻፈን ጥያቄ እንዲመልስ ነው። ጥያቄው ለሳይንስ ጠቃሚ ሊሆን ይችላል። ለድሬዳዋ ገበሬ ወይም ለጂቡቲ የውሃ አገልግሎት አስቸኳይ መሆኑ ግን ዋስትና የለውም።

ሌላው ውጤት ጥናቱ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ስለ ጂቡቲ የተጻፉ የመመረቂያ ጥናቶች በብዛት በፈረንሳይኛ በፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉት ደግሞ በእንግሊዝኛ በብዙ አገሮች ተበትነው ይገኛሉ። ስለ አንድ የአዋሽ ተፋሰስ፣ ስለ አንድ የንግድ መስመር ወይም ስለ አንድ የአርብቶ አደር ማኅበረሰብ የሚናገሩ ሁለት ጥናቶች አንዱ የሌላውን መኖር ሳያውቅ ጎን ለጎን ሊጻፉ ይችላሉ። የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደሮች ድንበሩን ሲሻገሩት የኖሩ ሲሆን፣ ስለ እነርሱ የተደረገው ምርምር ግን በቋንቋ አጥር ተከፍሎ ቀርቷል።

መመለስ፣ ግን ወደ ምን?

በኢትዮጵያ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ለዶክትሬት ሲሄድ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የውል ግዴታ ይፈርማል፤ ዋስም ያቀርባል። ካልተመለሰ ተጠያቂው ዋሱ ነው። ዋስ የሚሆነው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወንድም፣ እህት ወይም የሥራ ባልደረባ ነው። የአሠራሩ ዓላማ መንግሥት ያወጣው ገንዘብ እንዳይባክን ነው። ይሁን እንጂ ውሉ የሚያስገድደው ተማሪውን ብቻ ነው። የሚመለስበት ተቋም ቤተ ሙከራ፣ የምርምር በጀትና መኖሪያ የሚሆን ደመወዝ እንዲያዘጋጅ የሚያስገድድ ተመሳሳይ ውል የለም።

የምሁራን ፍልሰት ሲነሳ ተወቃሹ አብዛኛውን ጊዜ ያልተመለሰው ግለሰብ ነው። ነገር ግን በውጭ አገር አራት ዓመት በዘመናዊ መሣሪያ የሠራ የኬሚስትሪ ተመራማሪ ሲመለስ የኬሚካል ግዥ በውጭ ምንዛሬ እጥረት ለወራት የሚቆይ ከሆነ፣ ያገኘው እውቀት በእጁ ላይ ይዝጋል። ከ2020 እስከ 2022 በትግራይና በአጎራባች ክልሎች የተካሄደው ጦርነት፣ ከዚያም በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት የዩኒቨርሲቲዎችን ሥራ ሲያናጉ ደግሞ፣ የመመለስ ውሳኔ የደመወዝ ብቻ ሳይሆን የደኅንነትም ጉዳይ ሆኗል።

ለትንሿ ጂቡቲ ስሌቱ ከዚህ ይለያል። ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ገደማ በሆነ አገር፣ በአንድ የሙያ ዘርፍ የሠለጠኑ አምስት ዶክተሮች ብቻ ቢኖሩ የሁለቱ አለመመለስ ዘርፉን ሊዘጋው ይችላል።

በመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ

ከዚህ ሥዕል ጎን ለጎን ብዙም ያልተወራለት ሌላ ሙከራ አለ። የዓለም ባንክ በ2014 በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ የጀመረው የአፍሪካ የልህቀት ማዕከላት ፕሮጀክት በ2016 ወደ ምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ ሲሰፋ ከተመረጡት 24 ማዕከላት አራቱ በኢትዮጵያ ሆኑ። ሦስቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሲሆኑ የውሃ አስተዳደርን፣ የመድኃኒት ግኝትና ሙከራን እንዲሁም የባቡር ምሕንድስናን ይመለከታሉ። አራተኛው በሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም ግብርናና የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ማዕከል ነው። የፕሮጀክቱ ቀጣይ ምዕራፍ ሲመጣ ጂቡቲም ገባች፤ በጂቡቲ ዩኒቨርሲቲ የሎጂስቲክስና የትራንስፖርት የልህቀት ማዕከል ተቋቋመ።

ካርታው ላይ ሲታይ ነገሩ ትኩረት ይስባል። በ2016 በተመረቀው፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው የአዲስ አበባ ጂቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር አንደኛው ጫፍ የባቡር ምሕንድስና፣ በሌላኛው ጫፍ የሎጂስቲክስ የምርምር ማዕከል ይገኛል። ሐሮማያ ደግሞ ከመስመሩ ብዙም ሳትርቅ በመካከል ናት። የእነዚህ ማዕከላት የገንዘብ አሠራርም ከተለመደው ስኮላርሺፕ የተለየ ነው፦ ገንዘቡ የሚለቀቀው ውጤት ሲረጋገጥ ሲሆን፣ ከሌላ አፍሪካ አገር የመጡና ሴት ተማሪዎችን ለሚቀበል ማዕከል የሚታሰበው ክፍያ ከፍ ይላል። ስለዚህ አንድ የጂቡቲ ተማሪ በአዲስ አበባ፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት በጂቡቲ ዶክትሬቷን እንድትሠራ ማዕከላቱ ራሳቸው ምክንያት አላቸው።

ተመሳሳይ አስተሳሰብ ያላቸው ሌሎች መርሐ ግብሮችም አሉ። ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ የሆነችበትና በ2013 የተጀመረው፣ የአፍሪካ መንግሥታት ራሳቸው ገንዘብ የሚያዋጡበት ፓሴት፣ ተማሪዎች በአፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመዝግበው የተወሰነ ጊዜ በውጭ ቤተ ሙከራ እንዲያሳልፉ ያደርጋል። የአፍሪካ ኅብረት በ2011 ያቋቋመው የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲም ለማስተርስና ለዶክትሬት ተማሪዎች ወጪያቸውን ይሸፍናል፤ ለምሥራቅ አፍሪካ የተመደበው ተቋሙ የሚገኘው ግን በኬንያ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ለሚደረግ የተማሪዎች ዝውውር የሚከፍል መርሐ ግብር አለው።

እንቅፋቶቹ ግን ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው ቋንቋ ነው። በፈረንሳይኛ የተማረ የጂቡቲ ምሩቅ አዲስ አበባ ሲደርስ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ኢትዮጵያዊውም ጂቡቲ ላይ ተመሳሳይ ችግር ይገጥመዋል። ቱርክና ቻይና ለቋንቋ ትምህርት አንድ ዓመት ሲከፍሉ፣ በሁለቱ ጎረቤቶች መካከል ለዚህ ተብሎ የተመደበ የታወቀ ዓመት የለም። ሁለተኛው የዲግሪ እውቅና ነው። በ2014 በአዲስ አበባ የጸደቀውና በ2019 ሥራ ላይ የዋለው የአፍሪካ አገሮች የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃዎች እውቅና ስምምነት ለዚህ ሕጋዊ መሠረት ቢጥልም፣ ስምምነት ወደ ሬጅስትራር ቢሮ እስኪወርድ ጊዜ ይወስዳል። ሦስተኛውና ከባዱ ዘለቄታው ነው። ማዕከላቱ የተቋቋሙት ዘመኑ በተወሰነ ፕሮጀክትና ባመዛኙ በብድር ነው። ብድሩ ሲያልቅ በአገር በጀት ካልተተካ፣ የሚቀረው የተቀባ ሕንጻና የቆመ መሣሪያ ይሆናል።

ውሳኔው የማን ነው?

የአፍሪካ መንግሥታት ከአገራዊ ምርታቸው አንድ በመቶውን ለምርምር ለማዋል በ2006 በካርቱም ተስማምተው ነበር። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላም ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች አማካይ ወጪ ከዚያ ግብ በጣም ያነሰ ነው። ኢትዮጵያና ጂቡቲ ሙሉውን አንድ በመቶ በአንድ ጀንበር ያወጣሉ ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ነገር ግን ሁለቱ መንግሥታት በየዓመቱ የወደብ ኪራይን፣ የባቡር ታሪፍን፣ የኤሌክትሪክ ሽያጭንና የውሃ ቧንቧን በተመለከተ በጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የተወሰኑ የዶክትሬት ተማሪዎችን ጉዳይ ማንሳት ከሌሎቹ አጀንዳዎች አንጻር ርካሽ ነው፦ በየዓመቱ ጥቂት የጂቡቲ ተማሪዎች በአዲስ አበባና በሐሮማያ፣ ጥቂት ኢትዮጵያውያን በጂቡቲ፤ ለአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርት፤ ሁለት አማካሪዎች፣ ከየአገሩ አንዳንድ፤ እንዲሁም ጥናቱ በሁለቱም ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ።

ይህ ወደ አውሮፓ፣ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ እስያ የሚደረገውን ጉዞ አያስቀርም፤ ሊያስቀርም አይገባም። በአካባቢው የማይገኙ ቤተ ሙከራዎችና መምህራን አሁንም አሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ተማሪው ሲሄድ ጥያቄውን ይዞ መሄዱ፣ ሲመለስም የሚቀበለው ተቋም መኖሩ ላይ ነው። በውጭ ያለው በጀት በአንድ ምርጫ ወይም በአንድ ምክር ቤት ድምፅ ሲቆረጥ፣ በመሐል መንገድ ላይ የሚቆመው ሥራ ቢያንስ በአገር ውስጥ የሚያነሳው እንዲኖር ያደርጋል።

በካርቲየ 3 ያለው ወጣት እስከዚያው ድረስ የማመልከቻ ቀነ ገደቦችን በስልኩ ላይ መቁጠሩን ይቀጥላል። ስልኩን የሚሞላበት ኤሌክትሪክ የሚመጣው ከኢትዮጵያ ነው። የውሃውን ጨዋማነት የሚመለከተው ጥያቄ ግን መልስ እስኪያገኝ ድረስ፣ ወይ በሌላ አገር ገንዘብ፣ በሌላ አገር ቋንቋና በሌላ አገር የጊዜ ሰሌዳ ይጠናል፤ አለዚያም ሳይጠና ይቆያል።